የይለፍ ቃል ደንብና በራሱ የሚዘጋ ገጽ፦ ሂሳዊ አስተያየት

መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሆስፒታልም ይሁን ባንክ ወይም ትምህርት ቤት፣ ሁለት ደንቦች ከመሣሪያው ጋር አብረው ይገባሉ። አንደኛው ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ከምን ከምን እንደሚያበጀውና በስንት ጊዜ እንደሚለውጠው የሚወስነው ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ኪቦርዱን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሳይነካ ከቆየ ሥርዓቱ በራሱ ገጹን ዘግቶ እንዲያስወጣው የሚያዝዘው ነው። ሁለቱም በደኅንነት ስም ስለሚቀርቡ የሚጠይቃቸው ሰው ጥቂት ነው። ባለሙያው ያጉረመርማል፤ ማጉረምረሙም እንደ ስንፍና ወይም እንደ አዲስ መሣሪያ ፍርሃት ይቆጠርበታል። ይሁንና የደንቦቹ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር ጉርምርምታው በአብዛኛው መሠረት ያለው ሆኖ ይገኛል። ደንቦቹ የወጡት ባለሙያው እንዴት እንደሚሠራ ሳይታይ ነው፤ ከተመሠረቱባቸው ስሌቶችም አንዳንዱ ከተወለደበት ሁኔታ ተነቅሎ ወደማይስማማው ቦታ የተተከለ ነው።

የይለፍ ቃል ወደ ኮምፒዩተር ሥራ የገባው ለምስጢር ጥበቃ ብቻ ተብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው ሥርዓት አንዱን ውድ ኮምፒዩተር ብዙ ተመራማሪዎች ጊዜ ተካፍለው እንዲሠሩበት የታቀደ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ፋይልና የተመደበለት ሰዓት ስለነበረው ማን እንደገባ መለየት አስፈለገ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ አለን ሸር የተባሉ ተመራማሪ የይለፍ ቃላቱ የተመዘገቡበትን ፋይል በማተሚያው አሳትመው ወሰዱት። ምክንያቱን ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሳቸው እንደገለጹት፣ የተመደበላቸው ሰዓት ለጀመሩት ጥናት ስላልበቃቸው በሌሎች ስም እየገቡ ለመሥራት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰው የይለፍ ቃል ስርቆት እንግዲህ የተፈጸመው በወንበዴ ሳይሆን ሥራውን ለመጨረስ በቸኮለ ባለሙያ ነው። ነገሩ ዛሬ እንደ ቀልድ ቢነገርም በኋላ በሆስፒታሎች ከታየው ጋር በጣም ይመሳሰላል።

የይለፍ ቃል ደካማነት በጥናት የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን የተባሉት የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ የመረጧቸውን 3,289 የይለፍ ቃላት መርምረው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 2,831ዱ፣ ማለት 86 በመቶው፣ ወይ እጅግ አጭር ወይም ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር በቀላሉ የሚገኙ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ሰው በልማድና በማስታወስ ኃይሉ ልክ እንደሚመርጥ በቁጥር አሳይቷልና። ከዚህ ግኝት ሁለት መንገዶች ሊወጡ ይችሉ ነበር። አንደኛው መንገድ ምርጫውን ከሰው ላይ ማንሣት ነው፤ ሁለተኛው ሰውን በደንብ አስገድዶ እንደ ማሽን እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ የተከተለ ሰነድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የኮምፒዩተር ደኅንነት ማዕከል ስለ ይለፍ ቃል አያያዝ ያወጣው፣ በሽፋኑ ቀለም የተነሣ «አረንጓዴው መጽሐፍ» እየተባለ የሚታወቀው መመሪያ ነው። መመሪያው ያቀረበው ስሌት ቀላልና ግልጽ ነው። አንድ የይለፍ ቃል በአገልግሎት ዘመኑ ውስጥ የመገመቱ ዕድል የሚገኘው ዘመኑን በአንድ የጊዜ መለኪያ ውስጥ ሊሞከር በሚችለው ግምት አባዝቶ፣ ውጤቱን ሊኖሩ ለሚችሉት የይለፍ ቃላት ጠቅላላ ብዛት በማካፈል ነው። ዘመኑ በግማሽ ሲያጥር የመገመቱ ዕድልም በግማሽ ይቀንሳል። የይለፍ ቃል በየጊዜው ይለወጥ የሚለው ትእዛዝ የቆመው በዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ላይ ነው፤ መመሪያው ያስቀመጠውም ጣሪያ አንድ ዓመት ነበር።

ነገር ግን ስሌቱ እውነት የሚሆነው እያንዳንዱ ሊኖር የሚችል ቃል እንደ ዕጣ እኩል የመውጣት ዕድል ካለው ብቻ ነው። የመመሪያው አዘጋጆች ይህን አልሳቱም፤ የይለፍ ቃላቱ በኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲመረቱ መምከራቸው ለዚህ ነበር። ኋላ የመጡት ደንብ አውጪዎች ግን ዕጣውን ትተው የለውጡን ግዴታ ብቻ ወሰዱ። አንድ ዓመት የነበረው ጣሪያም በብዙ ቦታ ወደ 90 ቀን ወረደ። ቃሉን የሚመርጠው ሰው ሲሆን አዲሱ ቃል ከአሮጌው ይወለዳል እንጂ እንደ አዲስ ዕጣ አይወጣም። በመስከረም «መስከረም1!» ያለ ሠራተኛ በቀጣዩ ለውጥ «ታኅሣሥ2!» ማለቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከመስከረሙ ቃል የታኅሣሡን ማወቅ ከተቻለ ለውጡ በስሌቱ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። እዚህ ላይ ያለው ስሕተት የሒሳብ ሳይሆን የዝውውር ነው፤ ትክክለኛ ቀመር ያለ ቅድመ ሁኔታው ተወስዷል። በትምህርት ዕቅድ ሥራ ላይ ላሉት ይህ ዓይነቱ ስሕተት እንግዳ አይደለም።

የሁለተኛው መንገድ ዋነኛ ሰነድ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በቁጥር 800-63 ያወጣው መመሪያ ነው። ዐቢይ ሆሄ፣ ንዑስ ሆሄ፣ ቁጥርና ልዩ ምልክት በአንድ ቃል ውስጥ እንዲገኙ የሚጠይቀው ደንብ በዓለም ሁሉ ሲስፋፋ በብዛት የሚጠቀሰው የዚህ ሰነድ አባሪ ነው። ስለዚህ አባሪው ጠጋ ብሎ መመርመር ይገባዋል።

አባሪው የይለፍ ቃልን የመገመት አዳጋችነት በቢት ይለካል። የልኬቱ መነሻ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያቀረቡት ጥናት ነው። ጥናቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቀጣዩ ፊደል ምን እንደሆነ አንባቢ ምን ያህል ሊገምት እንደሚችል የሚመረምር ነው። በዚህ መሠረት ለመጀመሪያው ፊደል 4 ቢት፣ ለቀጣዮቹ ሰባት ለእያንዳንዳቸው 2 ቢት ይሰጣል፤ ስምንት ፊደል ያለው ቃል 18 ቢት ያገኛል ማለት ነው። ቃሉ ዐቢይ ሆሄና ፊደል ያልሆነ ምልክት እንዲይዝ ደንቡ ካስገደደ ደግሞ 6 ቢት በምርቃት ይታከልለታል። ስድስት ቢት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ገማቹ የሚሞክረውን ብዛት 64 ጊዜ ያበዛል የሚል አባባል ነው፤ ከ262,144 ወደ 16,777,216 ማለት ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ የ64 እጥፍ ዕድገት ከየት መጣ የሚል ነው። ዐቢይ ሆሄው በቃሉ ውስጥ በየትኛውም ቦታ፣ ምልክቱም ከሁሉም ምልክቶች መካከል ያለ አድልዎ ይመረጥ ቢሆን ኖሮ ምርቃቱ ይገባ ነበር። በተግባር ግን ሰው ዐቢይ ሆሄውን በመጀመሪያ፣ 1 ቁጥርንና የቃለ አጋኖ ምልክትን በመጨረሻ ያደርጋል። ሁሉም እንዲህ ካደረገ ገማቹም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሸክሙ በተጠቃሚው ላይ ይቀራል፣ ጥቅሙ ግን ይተናል። ከዚህም ሌላ የሻነን ጥናት ስለ ተርታ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ከተቆጣጣሪ ገጽ ፊት ተቀምጦ፣ «ቃልዎ ተቀባይነት የለውም» እየተባለ ለአራተኛ ጊዜ ስለሚያበጀው ቃል የሚናገረው ነገር የለም። ሰነዱ ግምቱ ሻካራ መሆኑን አልደበቀም፤ ይህም ሊመሰገንበት ይገባል። የቀዱት ግን ማስጠንቀቂያውን አልቀዱትም።

ከሰነዱ ጸሐፊዎች ዋነኛው የሆኑት ቢል በር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ሲናገሩ ከሠሩት በብዙው እንደሚጸጸቱ ገልጸዋል። ከጸጸቱ ይልቅ ለተመራማሪ የሚጠቅመው ሰነዱ እንዴት እንደተጻፈ የተናገሩት ነው። ሰዎች በእውነት የሚጠቀሙባቸውን የይለፍ ቃላት አይተው በዚያ ላይ ተመሥርተው መጻፍ ፈልገው፣ የተቋሙን የኮምፒዩተር አስተዳዳሪዎች ጠይቀው ነበር፤ አስተዳዳሪዎቹ የሰዎችን ምስጢር መግለጥ ይሆናል በማለት ከለከሏቸው። ጊዜው አጭር ስለነበረም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ ላይ ለመደገፍ ተገደዱ። ክልከላው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ውጤቱ ግን በብዙ አገር ያሉ ሠራተኞች ያለ አንዳች ምልከታ በወጣ ደንብ እንዲመሩ መሆኑ ነው።

ምልከታው ሲመጣ ዘግይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድ የኢንተርኔት ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃላት ሾልከው በመውጣታቸው ተመራማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ ማስረጃ አገኙ። በተከታዩ ዓመት በእነዚህና መሰል ስብስቦች ላይ የተደረገ ጥናት የ2004ቱ የቢት ልኬት የይለፍ ቃልን እውነተኛ ጥንካሬ እንደማያሳይ አረጋገጠ። በዚያው በ2010 እ.ኤ.አ. ዣንግ፣ ሞንሮዝና ራይተር የተባሉ ተመራማሪዎች የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሚዎች በየሦስት ወሩ እንዲለውጡ ከተገደዱባቸው ከ7,700 በላይ የቆዩ መለያዎች የተገኙ የይለፍ ቃላትን መረመሩ። የቀድሞውን ቃል ለሚያውቅ ሰው ከቀጣዮቹ ቃላት 41 በመቶው በሴኮንዶች ውስጥ የሚገኙ ሆኑ፤ 17 በመቶ የሚሆኑት መለያዎች ደግሞ በአምስት ሙከራ ገደማ የሚከፈቱ ነበሩ። የመስከረምና የታኅሣሡ ምሳሌ እንግዲህ ተራ ፌዝ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የተናገሩ ነበሩ። አን አዳምስና አንጀላ ሳሲ እ.ኤ.አ. በ1999 «ተጠቃሚዎች ጠላት አይደሉም» በሚል ርእስ ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞች ደንብ የሚጥሱት ስለ ደኅንነት ግድ ስለሌላቸው ሳይሆን ደንቡ ከሥራቸው ጋር ስለማይስማማ መሆኑን አሳይተው ነበር። ሰሚ ያገኙት ቆይተው ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያውን እንደ አዲስ ሲያወጣ በየጊዜው ማስለወጥንም ሆነ የምልክት ቅልቅል ማስገደድን አይመከርም አለ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደግሞ ሁለቱንም ከለከለ። በምትኩ የጠየቀው ርዝመትን ነው፤ የይለፍ ቃሉ ብቻውን መግቢያ ከሆነ ቢያንስ 15 ምልክት፣ ሌላ ማረጋገጫ ከታከለበት ቢያንስ 8። ማይክሮሶፍትም በ2019 እ.ኤ.አ. የለውጥ ግዴታውን ለዊንዶውስ ከሚያወጣው መነሻ ደንብ ሰርዟል። የለውጥ ግዴታው ቀርቷል ማለት ግን የታወቀ ቃል አይለወጥም ማለት አይደለም፤ ቃሉ ለሌላ ሰው መድረሱ ከታወቀ በዚያው ሰዓት ሊለወጥ ይገባል።

ስለ ይለፍ ቃል ይህን ያህል የተጻፈ ሲሆን፣ በራሱ ስለሚዘጋው ገጽ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ምናልባት ምክንያቱ ጉዳቱ የማይቆጠር መሆኑ ይሆናል። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ዜና ይሆናል፤ የጠፋ የግማሽ ሰዓት ሥራ ግን ማንም አይመዘግበውም።

ነገሩ ጎልቶ የታየው በሆስፒታል ነው። በአሜሪካ የጤና መረጃን ደኅንነት የሚመለከተው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ፣ ሥርዓቱ አስቀድሞ የተወሰነ ጊዜ ያህል ካልተነካ በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርግ ዘዴ ጠቅሷል። ደንቡ የደቂቃ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ተቋሙ ሁኔታውን መርምሮ ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ መፍትሔ እንዲመርጥም ፈቅዷል። በየሆስፒታሉ የታየው አጭር የደቂቃ ገደብ የሕጉ ቃል ሳይሆን የየተቋሙና የሶፍትዌር ሻጩ ምርጫ ነው። 15 ደቂቃ የሚለው ቁጥር በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው የክፍያ ካርድ መረጃ ለሚይዙ ድርጅቶች በወጣው የኢንዱስትሪ ደንብ ነው፤ በ2017ቱ የአሜሪካ መመሪያም ለከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ ተቀምጧል፤ ለመካከለኛው ደረጃ የተጻፈው 30 ደቂቃ ነበር።

ሮስ ኮፐልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ሐኪሞችና ነርሶች በዚህ ደንብ ሥር እንዴት እንደሚውሉ ይገልጻል። አንድ ሰው ሲጠጋ የሚከፈተውና ሲርቅ የሚዘጋው መሣሪያ ላይ የፕላስቲክ ስኒ ይደፉበታል፤ ሁልጊዜ ሰው ያለ እንዲመስለው ነው። ከሐኪሞቹ ቡድን በማዕረግ የሁሉም ታናሽ የሆነው፣ ገጹ እንዳይዘጋ በየኮምፒዩተሩ እየዞረ ቁልፍ እንዲነካ ይደረጋል። ገብቶ ሲሠራ የነበረ ሰው ተራውን ለሚረከበው ገጹን ክፍት አድርጎ ይተውለታል፤ ይህም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የደንቡ ዓላማ ተገልብጦ መገኘቱ ነው። ደንቡ የወጣው ማን ምን እንደጻፈ በትክክል እንዲታወቅ ነበር፤ ደንቡን ለመሸሽ ሲባል ግን ትእዛዙ ባልጻፈው ሐኪም ስም ይመዘገባል።

ይህን ሁሉ የኢትዮጵያ መምህር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊመለከተው አይችልም። የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲገዛ ወይም ሲሠራ የደቂቃውና የይለፍ ቃሉ ደንብ ብዙ ጊዜ ለባንክና ለንግድ ቤት ከተዘጋጀው ጋር ተሰፍቶ ይመጣል። መምህሩ ግን እንደ ገንዘብ ቤት ሠራተኛ ያለማቋረጥ ቁልፍ አይመታም። የፈተና ወረቀት ያነብባል፣ ያርማል፣ ይደምራል፣ አንድ ቁጥር ይጽፋል። የድርሰት ፈተና ሲሆን ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ረጅም ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ኪቦርዱ ሥራ በፈታበት ሰዓት መምህሩ ሥራ አልፈታም፤ እንዲያውም ዋናው የማስተማር ኃላፊነቱ የሚፈጸመው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ተማሪ «ውጤቴ ተሳስቷል» ብሎ ሲመጣ ወረቀቱን ከመደርደሪያ ፈልጎ መልሶ ማየት አለበት። ማርክ ሊስቱ በወረቀት በነበረበት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ሲመለስ የጻፈው እንዳለ ይጠብቀው ነበር። በራሱ የሚዘጋው ገጽ ግን የክፍሉን ግማሽ ዝርዝር ይዞ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራት ወይም ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ይኸው ጉዳት በእጥፍ ይመጣል። ሆም ሩም መምህሩ ሮስተሩን በሚያጠናቅርበት በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚጣደፉበት ሳምንት፣ የሚከተለው መፍትሔ የታወቀ ነው፤ አንዱ ገብቶ ሌሎቹ በእርሱ ስም ይሞላሉ።

በዚህ ጊዜ በአደጋ ላይ የሚወድቀው ሁለት ነገር ነው፤ የተማሪው ውጤትና የመምህሩ ስም። አንድ ውጤት ተለውጦ ቢገኝና ጥያቄ ቢነሣ መዝገቡ የሚመሰክረው በገባው ሰው ላይ ነው። መምህሩ «እኔ አልጻፍኩትም» ቢል ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ የይለፍ ቃሉን ለምን ለሌላ እንደሰጠ ነው፤ ደንቡ ያለ መጋራት የማያሠራ መሆኑ መከላከያ አይሆንለትም። የደንቡ ክፉ ገጽታ ይህ ነው፤ ሊጠበቅ የማይችል ሆኖ ሳለ የጣሰውን ጥፋተኛ ለማድረግ ግን ይበቃል።

በሌላ በኩል ጥበቃ አያስፈልግም ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ከቀኑ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመሠራጨቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል፤ የብዙ ሺህ ተማሪዎች ዝግጅት የተናጋበት ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ከወረቀት ጎን ለጎን በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ጥሏል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተቀመጠ፣ ሃያ ሰው የሚፈራረቅበት ኮምፒዩተር የተከፈተ ገጽ ይዞ ማደር የለበትም። ተማሪ ገብቶ የራሱን ውጤት ሊያሻሽል መቻሉ ምናባዊ ሥጋት አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ገጽን በመቆለፍና ሰውን በማስወጣት መካከል ነው። ርእሰ መምህር ከቢሮ ሲወጡ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ይሄዳሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የተጀመረውን ደብዳቤ ግን ቀድደው አይጥሉም። ሥርዓቱም ገጹን ሸፍኖ፣ የተጻፈውን ሁሉ ይዞ፣ ባለቤቱ ሲመለስ ማንነቱን ጠይቆ ካቆመበት ሊያስቀጥለው ይችላል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ስለ ኢንተርኔት ገጾች ተደራሽነት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የተቆረጠ ጊዜ ያለው ገጽ ከመዘጋቱ በፊት አስጠንቅቆ ተጠቃሚው በቀላል ድርጊት እንዲያራዝም ቢያንስ 20 ሴኮንድ ሊሰጠው፣ ይህንንም ቢያንስ አሥር ጊዜ ሊፈቅድለት እንደሚገባ በመሠረታዊ ደረጃው አስቀምጧል። ከዚህ ውጭ ከሚሆኑት መካከል ገደቡ የግድ የሚያስፈልግባቸው ጉዳዮች ይገኛሉ። ጊዜው አልፎ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ የጻፈው ሳይጠፋ ይቀጥል የሚለውንም በከፍተኛው ደረጃ ጠይቋል። መመሪያው የተጻፈው በተለይ አካል ጉዳት ላለባቸውና ቀስ ብለው ለሚሠሩ ሰዎች ታስቦ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያርም መምህርም ከእነርሱ ጋር ይጠቀማል። የሶፍትዌር ግዢ ሰነድ የሚያዘጋጅ ዕቅድ አውጪ ይህን በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ቢያስገባ የሚያስከትለው ወጪ ከፍ ያለ አይደለም፤ ካላስገባ ግን ሻጩ በራሱ ፈቃድ ያስገባዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ደቂቃውም ለሁሉ አንድ መሆን የለበትም። ውጤት እየሞላ ያለ መምህር፣ የጸደቀ ውጤት የሚለውጥ ሬጅስትራር፣ የፈተና ጥያቄ የያዘ ኃላፊ በአንድ ሚዛን ሊለኩ አይገባም። ለመጀመሪያው ረጅም ጊዜ ቢሰጥ የሚደርሰው ጉዳት ውስን ነው፤ ለሦስተኛው አጭር ጊዜና ሁለተኛ ማረጋገጫ ተገቢ ነው። ይህን ለመወሰን ደግሞ ቢል በር የተከለከሉት ነገር ያስፈልጋል፤ በሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች ተገኝቶ አንድ መምህር አንድ ክፍል ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት፣ ስንት ጊዜም እንደሚያቋርጥ መቁጠር። የማንንም ምስጢር የማይነካ ቆጠራ ስለሆነ የሚከለክለው የለም።

በመጨረሻ የሚነሣው ጉዳይ ፊደልን የሚመለከት ነው። የግዕዝ ፊደል ዐቢይና ንዑስ የለውም። «ቢያንስ አንድ ዐቢይ ሆሄ ይኑር» የሚል ደንብ በአማርኛ የሚጽፈውን ሰው ከፊደሉ አስወጥቶ ወደ ላቲን ፊደል ይሰድደዋል፤ በአማርኛ የሚያስብ ሰውም ለማስታወስ በሚቸግረው ቋንቋ ምስጢሩን እንዲይዝ ይገደዳል። ርዝመትን የሚጠይቀው አዲሱ አካሄድ በዚህ ረገድ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚበጅ ነው። የ2017ቱ መመሪያ ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላትም እንዲፈቀዱና እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ምልክት እንዲቆጠሩ ይላል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ይገኛል። አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ 15 ፊደል ማለት አራት አምስት ቃል ያለው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚባል ሐረግ ነው። ይህን መያዝ ለማንም አይከብድም።

ሆኖም ችግር አለው። ሰው ሐረጉን የሚያስታውሰው በድምፅ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያነጻጽረው ግን በፊደል ነው። «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው በማግስቱ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ አይገባም፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ልዩ ልዩ ቁጥር አላቸውና። ስለ ሞክሼ ፊደላት በምሁራን መካከል ብዙ ተከራክሯል፤ የይለፍ ቃል ሳጥን ግን የሊቃውንቱን ክርክር ሳይጠብቅ ለአጻጻፍ ጠባቂዎቹ ፈርዷል። ከዚህም በላይ አማርኛ በብዙ ኪቦርድ የሚጻፈው የላቲን ቁልፎችን በድምፅ በማጣመር ስለሆነ፣ ጸሐፊው የወጣው ፊደል ግዕዝ ይሁን ሳድስ የሚያውቀው ስክሪኑን አይቶ ነው። ሳጥኑ ግን ከፊደል ይልቅ ነጥብ ብቻ ያሳየዋል። ተጠቃሚው ከፈለገ የጻፈውን እንዲያይ የሚያስችል ምልክት በሳጥኑ ጎን እንዲኖር የ2017ቱ መመሪያ በምክር ደረጃ አስቀምጧል። በአማርኛ የሚሠራ ሶፍትዌር ሲታዘዝ ይህ ምልክት፣ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ከሚቆጥር ማነጻጸሪያ ጋር፣ ከውሉ የመጀመሪያ ረቂቅ ጀምሮ እንደ ግዴታ ሊጻፍ ይገባል።